ድምፅ ማጉያችን ለምን ተቃጠለ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድምፅ ማጉያችን እንድናገር ስለታዘዝሁ ቆሜአለሁ። ነገሩ የሬዲዮ ጠጋኝ ወሬ ቢመስልም ከእድራችን ካዝና ጋር የተያያዘ ነውና ጥቂት ታገሡኝ።

እንደምታስታውሱት በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አንዲት እናታችንን ስንቀብር፣ የሕይወት ታሪካቸው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ማጉያው ጸጥ አለ። መዋጮ አጓድለው የማያውቁ እናት ነበሩ፤ ከኋላ የቆመው ሰው ግን የልጆቻቸውን ስም እንኳ ሳይሰማ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ «ማጉያው ደካማ ነው፣ ትልቅ ይገዛ» የሚል ሐሳብ መጥቷል። እውነቱን ልናገርና፣ ጥፋቱ የማጉያው አይደለም፤ የእኔ ነው።

ማጉያችን የመኪና ነው። የገዛነውም መብራት በሌለበት መካነ መቃብር በ12 ቮልት ባትሪ እንዲሠራልን ብለን ነው። በጀርባው ሁለት የስፒከር መውጫዎች አሉት፤ አጠገባቸው 4 ቁጥርና የፈረስ ጫማ የምትመስል ምልክት ተጽፈዋል። ምልክቷ ኦም ትባላለች። ኦም የሚለው ስም የተወሰደው ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1827 ካሳተመው ከጀርመናዊው ሊቅ ከጌኦርግ ኦም ነው። ጽሑፉ «በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ከ4 ኦም በታች አታድርጉብኝ» ማለቱ ነው።

ኦም ምንድነው ብትሉ፣ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ ነው። የለቅሶ ድንኳናችንን አስቡ። በሩ አንድ ሲሆን ሕዝቡ በልክ ይወጣል። ጎኑ ላይ ሌላ በር ብንከፍት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሰው ይወጣል። ሁለት ስፒከሮችን ጎን ለጎን ማሰርም እንዲሁ ነው፤ 4 እና 4 ኦም ተደምረው 8 አይሆኑም፣ ወደ 2 ይወርዳሉ እንጂ።

በቁጥር ላሳያችሁ። ማጉያው 8 ቮልት ቢያወጣ፣ በ8 ኦም ላይ 1 አምፒር ይሄዳል፤ በ4 ኦም 2 አምፒር፤ በ2 ኦም ግን 4 አምፒር። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በማጉያው ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ናቸው። ሲበዛባቸው ይግላሉ፤ ሲብስ ይነዳሉ።

በዚያን ዕለት ሕዝቡ ብዙ ስለነበረ በየመውጫው ካለው ስፒከር ጎን አንዳንድ ጨመርሁ። ድምፅ የጨመርሁ መስሎኝ ነበር፤ የጨመርሁት ግን ሸክም ነው። ማጉያው ሲግል በእጄ እያወቅሁ፣ «ንባቡ እስኪያልቅ ይችላል» ብዬ ዝም አልሁ።

ታዲያ አራት ስፒከር ስንፈልግ ምን እናድርግ? በየመውጫው ሁለቱን በተከታታይ እንሰር። የማጉያው ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭ፣ የአንደኛው ኔጌቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ የሁለተኛው ኔጌቲቭ ወደ ማጉያው ይመለሳል። ያን ጊዜ 4 እና 4 በእውነት 8 ይሆናሉ። ኃይሉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ጆሯችን ግን ይህን የሚሰማው እንደ ትንሽ ቅናሽ ነው። ስፒከሮቹ በሕዝቡ መካከል ስለሚበተኑም ከኋላ ያለው ሰው የተሻለ ይሰማል። አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ ግን ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋልና ጥንቃቄ ያሻል።

ሽቦውንም አትናቁ። ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ 30 ሜትር ርቆ ሲዘረጋ፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ከኃይሉ ሩቡ ያህል ሽቦው ውስጥ ይቀራል። ወፍራም ሽቦ መግዛት አዲስ ማጉያ ከመግዛት ይረክሳል።

ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። ባለ 4 ኦሙ ስፒከር 3 ተኩል አካባቢ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ ጤነኛ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው 2 አካባቢ ካሳየ ግን ጎን ለጎን ታስረዋል ማለት ነውና ፍቱት።

የነደዱትን ትራንዚስተሮች በራሴ ወጪ ቀይሬአለሁ። ማጉያውንም በእድሩ ቤት ከአራቱ ስፒከሮች ጋር፣ በነገርኋችሁ አሠራር ሁለት ሰዓት ሙሉ አሠርቼ፣ ለብ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ትልቅ ማጉያ የመግዛቱ ሐሳብ ይቅር፤ ገንዘቡ ሐዘን ለሚደርስበት ቤት ይቆይ። ሁለተኛ፣ ወፍራም ሽቦ ይገዛ። ሦስተኛ፣ ከወጣቶቻችን ሁለቱ አሠራሩን ከእኔ ይማሩ፤ እኔም አንድ ቀን በዚያ ድንኳን ስም የሚነበብልኝ ነኝና፣ ያን ዕለት ሽቦውን የሚያስር ሰው ያስፈልጋል።

የዚያችን እናታችንን ልጆች በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።