በታብሌት ላይ የሚቀር ዱካና አሰራረዙ



ድረ ገጽን የሚያቀርበው ሥርዓት በባሕርዩ ጠያቂውን አያስታውስም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ኩኪ የተባለውን ትንሽ መዝገብ አስገኘ። ጥቅሙ የማይካድ ነው፤ ሆኖም አንድ ታብሌት ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት መሥሪያ ቤት ያልተሰረዘ ኩኪ በበር ላይ እንደ ተረሳ ቁልፍ ነው። ተረካቢው የምስጢር ቃል ሳይጠየቅ በቀዳሚው ስም ሊገባ ይችላልና።

ስለዚህ አስረካቢው አስቀድሞ ከየሒሳቡ ይውጣ፤ ቀጥሎም በሳፋሪ ወይም በክሮም የአሰሳ ታሪኩንና የድረ ገጽ መረጃውን ይሰርዝ። በክሮም የጊዜው ወሰን «ሁሉም ጊዜ» ካልተባለ የቆየው ይቀራል፤ የተቀመጡ የምስጢር ቃላትም ለብቻቸው ይሰረዛሉ። በሩቅ አገልጋይ ኮምፒውተር የተመዘገበው ግን በዚህ አይነካም። ይህ ሁሉ መፈጸሙ ሳይረጋገጥ የርክክብ ሰነድ ባይፈረም መልካም ነው።