አቀባባዩ ራዲዮና ባትሪው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተነገረ ንግግር)



 ስለ ምን እንናገር ብለን በተማከርን ጊዜ አንዳንዶቻችን ስለ ጠፈር መንኰራኵር፥ ሌሎቻችን ስለ ኮምፒዩተር ብንልም የተስማማነው ስለ ባትሪ ነው። ባትሪ ደግሞ ለበዓል ንግግር ይበቃልን? ትሉ ይሆናል። ጥቂት ብትታገሡን ግን ስለ ባትሪ መናገር ስለ ሰው ሕይወት መናገር የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚህም በላይ ዛሬ ለክበባችን ስለ ተዋጣው ገንዘብ የምንለምናችሁ ነገር ስላለ፥ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባናል።

ከገጠር የመጣን ተማሪዎች እንደምናውቀው፥ በደጋው አገር አንድ ሰው ከሸለቆ ማዶ ላለው ዘመዱ መልእክት ሲኖረው ጋራ ላይ ወጥቶ ይጣራል። በመካከል ሌላ ጋራ ሲኖር ግን ድምፁ አይደርስም። ያን ጊዜ በመካከለኛው ኮረብታ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቃሉን ይሰማና ወደ ወዲያኛው ሸለቆ ዞሮ መልሶ ይጮኸዋል። «ወንድምህ ታሟልና ቶሎ ና በሉት» የተባለው ቃል በአንድ እረኛ አፍ ሁለት ሸለቆ ተሻገረ ማለት ነው። ፈረንጆች ሪፒተር የሚሉት፥ እኛም በክበባችን አቀባባይ ራዲዮ ብለን የሰየምነው መሣሪያ የዚህ እረኛ ወንድም ነው።

አማተር ራዲዮ የሚባለው ለንግድ ሳይሆን ለትምህርትና ለመረዳዳት ሲሉ ከመንግሥት ፈቃድ የተቀበሉ ሰዎች የሚነጋገሩበት ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ የጥሪ ምልክት መነሻ አለው፤ የኢትዮጵያ «ኢ ቲ» ነው። በአዲስ አበባ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚለው ምልክት ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ ቆይተዋል። በእጅ የሚያዘው ትንሹ የአማተር ራዲዮ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት 2 ሜትር የተባለው ሞገድ ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ጋራ ይጋርደዋል። በሜዳ ላይ ቆሞ ራዲዮውን ወደ አፉ ያስጠጋ ሰው የሞገዱ አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንቴናው ከሜዳው 2000 ሜትር ከፍ ቢል ግን አድማሱ ከ180 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። (ሒሳብ የምትወዱ፥ የከፍታውን ሜትር ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ በ4.12 ብታባዙት ታገኙታላችሁ።) እንግዲህ አቀባባዩ በተራራ ጫፍ የሚተከለው ስለዚህ ነው።

ከእረኛው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። እረኛው መጀመሪያ ይሰማል፥ ቀጥሎ ይጮኻል፤ አቀባባዩ ግን እየሰማ በዚያው ቅጽበት ይናገራል። የሚሰማበትና የሚናገርበት ፍሪኩዌንሲ የተለያየ ነው፤ በአሜሪካ በ2 ሜትር ሞገድ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 600 ኪሎ ኸርዝ ነው። የሚሰማው ምልክት ከአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ እጅ ሊያንስ ይችላል፤ የሚናገርበት ኃይል ግን 50 ዋት ያህል ሊሆን ይችላል። ከበሮ እየመቱ ሹክሹክታ እንደ መስማት ነው። ይህን የሚያስችለው ዱፕሌክሰር የሚባለው፥ ረጃጅም የብረት ጣሳ የሚመስሉ ማጣሪያዎች የተደረደሩበት ክፍል ነው። እንደ ክራር ጅማት ተቃኝቶ የተዘጋጀ ነውና የማያውቅ ሰው ብሎኑን እንዳይነካው ማድረግ ከሁሉ የሚሻል ጥበቃ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024፥ እኛ እዚህ የመስቀልን በዓል በምናከብርበት ዕለት፥ ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ከባድ ዝናብ አወረደ። ወንዞች ሞልተው መንገድና ድልድይ ጠርገው ወሰዱ። በአሽቪል ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የተራራ መንደሮች መብራት ጠፋ፥ የቧንቧ ውኃ ተቋረጠ፥ የእጅ ስልክም ዝም አለ። በዚያ ክፍለ ግዛት ብቻ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያ አካባቢ ማውንት ሚቸል የሚባል 2037 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። ለእኛ ለራስ ዳሽን ልጆች ኮረብታ ቢመስለንም፥ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ካሉት የአሜሪካ ተራሮች የሚበልጠው የለም። በዚያ የተተከለው የአማተሮች አቀባባይ በ145.190 ሜጋ ኸርዝ ይናገራል። ስልክ በጠፋባቸው ቀናት የተቆረጡት መንደሮች ሰዎች በዚህ መሣሪያ አማካይነት የዘመዶቻቸውን ደኅንነት ጠየቁ፥ የትኛው መንገድ እንደ ተዘጋና የትኛው ሰው እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቁ።

በጋዜጣ የተጻፈው የተናጋሪዎቹ ወሬ ነው፤ ይህም ይገባቸዋል። እኛን ግን ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነው። በመላው አገር መብራት ሲጠፋ የሚናገር መሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ የተጠራቀመ ኃይል ያስፈልገዋል። ያን ኃይል ጸጥ ባለው ጊዜ፥ ማንም ሳያየው፥ ማንም ሳያመሰግነው የሚጠብቅ ሰው መኖር አለበት።

የኃይሉን ነገር በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ አቀባባይ ሲሰማ ብቻ ግማሽ አምፔር፥ ሲናገር ደግሞ 10 አምፔር ይወስዳል እንበል። በሰላሙ ጊዜ በቀን 4 ሰዓት ቢናገርና 20 ሰዓት ዝም ብሎ ቢሰማ፥ በቀን 50 አምፔር ሰዓት ይበላል ማለት ነው። እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢኖረን፥ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ልናወጣበት አይገባምና ለአንድ ቀን በቂ ነው። መልካም! ነገር ግን ጎርፍ በመጣበት ቀን 4 ሰዓት ብቻ የሚናገር ማን አለ? 12 ሰዓት ቢነገርበት የቀኑ ወጪ 126 አምፔር ሰዓት ይሆንና ያው ባትሪ 10 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይደክማል። አቀባባዩ አብዝቶ የሚበላው እጅግ በሚፈለግበት ቀን መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ባትሪውን በሰላሙ ቀን ልክ የገዛ ሰው ለመከራው ቀን አልገዛም።

ለዚህ ብዙዎች ዘንድ የማይታሰብ ርካሽ መድኃኒት አለው፤ ይኸውም የድምፁን ኃይል መቀነስ ነው። 50 ዋቱ ወደ 12 ተኩል ዋት ቢወርድ በሩቅ የሚሰማው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን በጭንቅ ያውቀዋል፤ አምፔሩ ግን ወደ 4 ቢወርድልን ያው ባትሪ በዚያው የጭንቅ ቀን 22 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚህም ጋር ተናጋሪው ወሬውን እንዳያስረዝም ብዙ አቀባባዮች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸውን የሚዘጉበት ሰዓት አላቸው። (ይህ ሰዓት በስብሰባ ላይም ቢኖር የሚጠቅም ይመስለናል።)

የባትሪው አያያዝ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ በየወሩ ተከፍቶ ይታያል። ሲጎድልበት የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። በየኤሌትራውቶ ቤቱ አሲድ ሲጨምሩ አይተናል፤ ከባትሪው የሚተንነው ውኃው ሲሆን አሲዱ እዚያው ይቀራልና፥ አሲድ መጨመር በበርበሬ የነደደ ወጥ ላይ በርበሬ እንደ መድገም ነው። የቧንቧ ውኃም አይሆንም፥ ማዕድን አለበት። ሳይሞላ ለብዙ ሳምንት የተተወ ባትሪ በእርሳሱ ላይ ጠንካራ ጨው ይጋገርበትና ዳግመኛ አይቀበልም። ያለ ልክ የሚሞላም ውኃው ይፈላል። ሁልጊዜ ከቻርጀር ጋር ለሚኖር ባትሪ 13.5 እስከ 13.8 ቮልት ይስማማዋል። ሙቀትም ጠላቱ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ስለዚህ ቤቱ ጥላና ነፋስ የሚገባበት መሆን አለበት፤ ነፋሱ ደግሞ ባትሪው ሲሞላ የሚወጣውን በእሳት የሚፈነዳ ሃይድሮጅን ያወጣል። አዲሱ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ቀላልና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ መሞላት የለበትምና በውርጭ ተራራ ላይ ይህን ሳያውቁ መትከል ገንዘብን መጣል ነው።

የፀሐይ ሰሌዳ፥ ሶላር የምንለው፥ በአገራችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ 100 ዋት ሰሌዳ 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ባገኘ ቀን፥ የሚባክነው ተቀንሶ፥ 30 አምፔር ሰዓት ያህል ያስገባል። ከላይ ያልነውን የ50 አምፔር ሰዓት ወጪ ለመሸፈን በበጋ እንኳ ሁለት ሰሌዳ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሐምሌንና የነሐሴን ደመና የረሳ ግን ሒሳቡን ገና አልጨረሰም። ጎርፍም የሚመጣው በክረምት ነው።

ሌላው ጥበቃ አጭር ነው። የአንቴናው ሽቦ ውኃ እንዳይገባበት መገጣጠሚያው ይጠቀለላል፤ ለመብረቅ ጠንካራ የመሬት ሽቦ ይቀበራል፥ መሣሪያውም ሁሉ ከእርሱ ጋር ይታሰራል፤ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሆናል፤ አይጥና ተርብ እንዳይገቡ ቀዳዳው በወንፊት ይሸፈናል። በባትሪው ጫፎች ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሶዳ ውኃ ይጠረጋል፥ ወደ ውስጥ ግን ጠብታ እንዳይገባ ተጠንቅቆ፤ ከዚያም ቫዝሊን ይቀባል።

ከሁሉ የሚያታልለው የቮልት መለኪያው ነው። በዚህ ዓመት በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን አቁመን ነበር፤ አንዱ አዲስ፥ አንዱ ከመኪና የወጣ አሮጌ። ካረፉ በኋላ ብንለካቸው ሁለቱም 12.6 ቮልት አሳዩ፤ በመልክ የሚለያቸው የለም። በእያንዳንዱ ላይ 55 ዋት የመኪና ፋና አምፖል ብናበራ ግን አሮጌው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ10 ቮልት በታች ወረደና አምፖሉ እንደ ከሰል ፍም ቀላ። አዲሱ እስከ ማታ አበራ። ከዚህ የተነሣ በክበባችን አንድ ሥርዓት አበጀን፤ በየወሩ በመጨረሻው ዓርብ የመሥመሩን ኤሌክትሪክ ሆን ብለን እናጠፋና ባትሪው ጭነት ተሸክሞ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እንጽፋለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለምን? መብራት እስኪጠፋ ድረስ ባትሪውን ሳይፈትን የቆየ ሰው ፈተናው በጨለማ ይሆንበታል።

እንግዲህ ልመናችንን እንናገር። ክበባችን ፈቃድ ሲያገኝ ከትምህርት ቤታችን በስተ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ አንድ አቀባባይ ሊተከል እንደ ታሰበ ታውቃላችሁ። በዚህ በዓል ከወላጆችና ከቀድሞ ተማሪዎች የተዋጣው ገንዘብ በሙሉ ኃይለኛ ራዲዮ ይገዛበት የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው ከመልካም ልብ የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። እኛ ግን በአክብሮት እንቃወማለን። ራዲዮው አንድ ጊዜ ይገዛል፥ ባትሪው ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሞታል፤ በሞተ ጊዜም የዛሬው በዓል ተረስቶ፥ ዛሬ የሰጡት ሰዎች እጅ ርቆ ይሆናል። ስለዚህ ከገንዘቡ ሲሶው ለባትሪ መተኪያ ብቻ ተለይቶ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል እንዲቀመጥ፥ ራዲዮውም ባለ ትንሽ ኃይል እንዲሆን እንለምናለን። የትንሹ ራዲዮ ድምፅ ከትልቁ ቢያንስም ሌሊቱን ያድራል።

ሁለተኛው ልመና ለታናናሾቻችን ነው። እኛ ሰኔ ላይ እንሄዳለን። የፈተናው ደብተር በፊዚክስ ቤተ ሙከራ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የባትሪ ውኃው ጠርሙስና የዓይን መከላከያው መነጽር ከሥሩ ባለው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። በሚመጣው ዓርብ ከትምህርት በኋላ መሥመሩን እንደ ልማዳችን እናጠፋለን። ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ለመማር የሚፈልጉ አራት ተማሪዎች እርሳስ ይዘው ይምጡ፤ የዚያን ቀን ቁጥር የሚጽፉት እነርሱ ናቸው።