በስልክ የሚጻፍ ደብዳቤ ቢዘገይ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 የምናገረው በስልክ ስለምንጽፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ በማለቴ ከኋላ የሳቃችሁትን ሰምቻለሁ።

አባቶቻችን «ይድረስ ለ» ብለው ጀምረው የተቀባዩን ጤና፣ የቤተ ሰቡን፣ አንዳንዴም የከብቱን ሳይቀር ከጠየቁ በኋላ ነበር ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። እኛ ይህን የቃል ብዛት አድርገን እንቈጥረዋለን፤ ለእኔ ግን ትልቅ ሥራ የነበረው ይመስለኛል። የተቈጣ ሰው እንኳ ሰላምታውን ጽፎ እስኪጨርስ ቍጣው ይበርዳል። ከዚያም ወረቀቱን አጥፎ፣ አሽጎ፣ ፖስታ ቤት እስኪደርስ ድረስ ቀዶ ለመጣል ጊዜ አለው።

አክስቴ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የላከችው ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ ከወንድሟ ጋር በስልክ መልእክት ተጠያየቁ፤ እርስዋ ሌሊት ከሥራ ደክማ፣ እርሱም ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዕድሜ ልክ የማይባል ነገር ተባባሉ። ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ እስካሁን አይነጋገሩም። መልእክቶቹን አይቻቸዋለሁ፤ ከሁለት መሥመር የሚበልጥ አንድም የለባቸውም።

ጥፋቱን ሁሉ በስልኩ ላይ አልጥልም። ሆኖም የመሣሪያው አሠራር ሰውን ያጣድፋል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2014 መልእክት መነበቡን የሚገልጡ ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ «አንብቦ ዝም አለኝ» የሚባል ቅያሜ መጣብን። ምልክቱን መዝጋት ይቻላል፤ የዘጋው ሰው ግን የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። ጂሜል እ.ኤ.አ. በ2015 የላኩትን የመመለስ ዘዴ ለሁሉ ሰጠ፤ ዘዴውም ደብዳቤውን ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ሳይልኩ ማቈየት ነው። ይህ ለፊደል ስሕተት ይበቃ ይሆናል፤ ለቍጣ ግን 30 ሰከንድ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስሎውሊ የተባለው ፕሮግራም ከዚህ ይልቅ ደፋር ነው፤ ደብዳቤው እንደ ሁለቱ ሰዎች ርቀት ዘግይቶ ይደርሳል፤ አገራቸው የተራራቀ እንደ ሆነ ቀን ይፈጃል። ነገር ግን በይበልጥ የታሰበው ለማይተዋወቁ የብዕር ጓደኞች ነው፤ የሚጣላውስ የሚተዋወቅ ሰው ነው።

ስለዚህ እኔ የምመኘው ለቤተ ሰብ የሚሆነውን ነው። ማታ የተጻፈው ደብዳቤ ሌሊቱን አድሮ ጧት በ12 ሰዓት ይሂድ፤ እስከዚያ ጸሐፊው አውጥቶ ያርመው ወይም ይሰርዘው። መልስ በሚጽፍበት ጊዜ የመጣለት ደብዳቤ ከነሰላምታው በሙሉ ከፊቱ ይቀመጥ። መነበቡንም ሆነ «እየጻፈ ነው» የሚለውን የሚገልጥ ምልክት አይኑር። ፊደል ያልቈጠሩ ወላጆች ስላሉን ድምፅም ይቀበል፤ ነገር ግን ተናጋሪው ጧት አንድ ጊዜ ራሱን ሳይሰማ አይላክ።

«የታመመ ሰው ቢኖርስ?» ብሎ አንድ መምህር ጠይቆኛል። ለእርሱማ ስልክ መደወል አለ።

የኮምፒዩተር ክበባችን ይህን ለሙከራ ለመሥራት ጀምሯል። ያልተስማማንበት ሰዓቱ ነው። አንዳንዶች ማታ በ2 ሰዓት ይሁን ይላሉ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት እነአክስቴ ገና ዕቃ ያጥባሉ እላለሁ።