«ሰ» ዜሮ ስትሆን፦ በኢማክስ ኮድ ውስጥ የተሻሩ የኢንኮዲንግ ፈንክሽኖችን ስለ መተካት



ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ «ስትሪንግ-ሜክ-ዩኒባይት» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ በ2018 በወጣው 26.1 እትም ጊዜው ያለፈበት ተብሏል። ሥራው ከእያንዳንዱ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር ዝቅተኛውን 8 ቢት ብቻ ማስቀረት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላት በዚህ አይጎዱም። የ«ሰ» ቁጥር ግን በሄክሳዴሲማል 1230 ነው፤ የፊተኛው 12 ተቆርጦ 30 ሲቀር የአኃዙ የ«0» ኮድ ይሆናል። «ቁ»ም በዚሁ መንገድ የላቲኗ «ኤ» ሆና ትገኛለች። ከሁሉ የከፋው፣ በእኔ አስተያየት፣ ፈንክሽኑ ስሕተት መፈጠሩን አለመናገሩ ነው።

ተተኪው «ኢንኮድ-ኮዲንግ-ስትሪንግ» ኢንኮዲንጉን በስም እንድንነግረው ይጠይቃል። ዩቲኤፍ-8 ካልነው «ሰ» 3 ባይት ትሆናለች፤ ስትነበብም ሳትጎድል ትመለሳለች። ስለዚህ የአሮጌውን ፈንክሽን ስም በአዲሱ መለወጥ ብቻውን ጥገና አይደለም። ፈንክሽኑ በተጠራበት በእያንዳንዱ ቦታ ባይቶቹ ወደ ፋይል ይሁን ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚሄዱት፣ ተቀባዩም በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደሚያነባቸው አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።