መንገዱ የማን ነው? ከሴባስቶፖል ጉዞ እስከ መኪና እሽቅድምድም



ቅዳሜ ማለዳ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደውን ወደ 64 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ከመኪናው ይልቅ ገበያተኛው፣ አህያውና በጉ እንደሚበዛ ያያል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ገበያተኛው ወደ ዳር ይላል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ አንድ የቆየ የታሪክ ጥያቄ ተሸሽጓል። መንገዱ የማን ነው?

በዚህ አካባቢ ለመንኮራኩር ተብሎ የተሠራው ስመ ጥር መንገድ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሠረገላ እያስጎተቱ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ከላስታ ጋር የሚጎራበተውን ዋድላን አቋርጠው፣ የጂጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች መውረጃና መውጫ አበጅተው ነው። እርሳቸው ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዐይን ያዩ ጽፈዋል። ነገር ግን መንገድ የሠሪውን ፈቃድ አይጠብቅም። በዚያው ዓመት ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በላስታ ጠርዝ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር፣ ሸለቆዎቹን የተሻገረው በዚያው በንጉሡ መንገድ ነበር። ለመድፍ የተጠረገው መንገድ የመድፉን ባለቤት ጠላት አሳለፈ።

ከአርባ ዓመት በኋላ መኪና መጣች። በ1900 ዓ.ም. ቤዲ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገብቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አስረከበ። በዚያው ዘመን አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና አምጥቷል። ወቅቱ ከፔኪንግ እስከ ፓሪስ በመኪና የተሽቀዳደሙበት፣ የመኪና ኩባንያዎች ዝናቸውን ከአስቸጋሪ ጉዞ የሚሸምቱበት ነበር። አገራችን የመጀመሪያዎቹን መኪናዎች የተቀበለችው መንገድ ሳይኖራት፣ የሌሎች ፉክክር መፈተኛ ሆና ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ አሜሪካ እንሻገር። ዊልያም ቫንደርቢልት የተባለ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1904 በሎንግ አይላንድ የመኪና እሽቅድምድም ዋንጫ አቋቋመ። ውድድሩ የሚካሄደው በገበሬዎች መንገድ ላይ ነበርና፣ በ1906 አንድ ተመልካች በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ባለጸጋው መፍትሔ ያለው ሕዝቡ የማይረግጠውን የግል መንገድ መሥራት ነበር። በ1908 የተከፈተው ይህ መንገድ ለመኪና ብቻ የተፈቀደ፣ ሌሎችን መንገዶች በድልድይ የሚሻገር፣ መጀመሪያ ላይ ሁለት ዶላር የሚያስከፍል ነበር፤ በኋላም ወደ 72 ኪሎ ሜትር ረዘመ። ይሁን እንጂ መንግሥት በአቅራቢያው ነጻ መንገድ ሲሠራ ገቢው ደረቀ፤ የግብር ዕዳ ተከመረበት፤ በ1938 ተዘግቶ ለመንግሥት ተላለፈ። ዛሬ ከቅሪቱ አንዱ ክፍል የእግረኞችና የብስክሌተኞች መንገድ ነው። እግረኛን ለማራቅ የተሠራው መንገድ በመጨረሻ ለእግረኛ ቀረ።

እነዚህ ታሪኮች ምን ያስተምሩናል? መንገድ ሲሠራ የሚታሰብለት ተጓዥና በኋላ የሚጠቀምበት ተጓዥ አንድ አይደሉም። በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ፣ ከእርሱም ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው፣ ጎብኚን ብቻ አላመጣም። ቀድሞ ወላድ በቃሬዛ፣ እህል በአጋሰስ ጀርባ ይጓዝ ነበር። ዛሬም ከመንገዱ ራቅ ባሉት የላስታ ቀበሌዎች ቃሬዛው አልቀረም። ስለዚህ የመንገድን ጥቅም በመኪና ብዛት ብቻ የሚለካ ጥናት፣ ከቫንደርቢልት ስሕተት አልራቀም።

ውድ ተማሪዎች፤ የመድፉ ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ መድፉን የጎተቱት፣ ዳገቱን የቆፈሩት ግን ስማቸው በአብዛኛው አልተጻፈም። የኋለኞቹን መንገዶች ድንጋይ የፈለጡ፣ መሬታቸው ለመንገድ የተወሰደባቸው አረጋውያን ግን ገና በመካከላችን አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትሹ ሁሉ ወደ እነርሱ ሂዱ። ደግሞም በእግር ሂዱ፤ ለመንገዱ ባለቤት ጥሩምባ እየነፉ ታሪኩን መጠየቅ አይገባምና።