ስለ ዓመታዊ የሳይንስና የፈጠራ ሽልማት



አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1895 በፈረመው ኑዛዜ፣ ሽልማቱ በቅርቡ ባለፈው ዓመት ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም ላስገኙ ሰዎች እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉ ብዙ ጊዜ አልተጠበቀም። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ኤርንስት ሩስካ ከማክስ ክኖል ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በ1931 ሠራ፤ የተሸለመው ግን በ1986 ነው። ክኖል በ1969 ስላረፈ ከክብሩ አልተካፈለም።

ለመሐንዲሶች ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የ1912 የፊዚክስ ሽልማት ነው። ተሸላሚው ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታፍ ዳለን ነበር። ሥራውም ሰው በማይደርስባቸው የባሕር ዳርቻዎች የሚተከሉ የመርከብ መሪ መብራቶች በራሳቸው እንዲበሩና እንዲጠፉ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ዘንግ ብርሃን በሚያንጸባርቁ የተወለወሉ ዘንጎች መካከል ይቆማል። ፀሐይ ስትወጣ ጥቁሩ ብርሃኑን ስለሚመጥ ከሌሎቹ አብልጦ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይረዝማል፤ በመርዘሙም የአሲቲሊን ጋዙን መተላለፊያ ይዘጋል። ሲመሽ ተመልሶ ይኮማተርና ጋዙ ይለቀቃል። ጥርስ የለው፣ ሰዓት የለው፣ ጠባቂም አያሻው።

ማክስ ፕላንክም ሆነ አልበርት አይንሽታይን ገና ሳይሸለሙ ክብሩ ለመብራት መቆጣጠሪያ መሰጠቱ ያስገረማቸው ጥቂቶች አይደሉም። የመገረማቸው ምክንያት ይገባል፤ ነገር ግን በጨለማ ከዓለት ጋር ሊላተም የነበረ መርከበኛ ቢጠየቅ ፍርዱ ሌላ በሆነ ነበር። ዳለን ራሱ በዚያው ዓመት የጋዝ ማጠራቀሚያዎችን ሲፈትን በደረሰ ፍንዳታ ዓይኖቹን አጣ፤ ሽልማቱንም ስቶክሆልም ላይ የተቀበለለት የዓይን ሐኪም የነበረው ወንድሙ ነው። ዓይነ ሥውሩ መሐንዲስ በ1937 እስካረፈ ድረስ ድርጅቱን ከመምራት አልተቆጠበም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ የእንዶድ ታሪክ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ነገሩን መረመሩ፤ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። በአድዋ ለዓመታት በተደረገው ሙከራም በሽታው በተለይ በሕፃናት ላይ እጅግ ቀነሰ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጥናቱን ተቀላቅለው ምርጥ የእንዶድ ዝርያ በመለየትና ገበሬው ሊጠቀምበት የሚችል ቀላል አሠራር በመፈለግ ደከሙ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን የወረቀት ዘመን ነው። በኢትዮጵያ የተገኘው ማስረጃ በውጭ ላቦራቶሪ ካልተደገመ አይታመንም ተባለ፤ ድጋሚ ምርመራውን የሚከፍል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። በእርግጥ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ጉዳት አለማድረሱ መመርመሩ ተገቢ ነው። ቅሬታው ሌላ ነው፤ የተመዘነው ማስረጃው ሳይሆን የመጣበት ቦታ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ስቶክሆልም ላይ የተቀበሉት በ1989፣ ማለትም ከአድዋው ምልከታ 25 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የሰብል ዘር ጥበቃ ሊቁ ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል።

እንግዲህ አንድ የሙያ ማኅበር በየዓመቱ ሲሸልም የሚፈተነው ተሸላሚው ብቻ አይደለም፤ ዳኞቹም ጭምር እንጂ። የአመልካቹን ዲግሪና የጽሑፎቹን ብዛት መቁጠር ቀላል ነው። ወንዙ ድረስ ወርዶ ማየት ግን ድካም አለው፤ የጫማ ጭቃም አለው። ሽልማቱ ዋጋ የሚያገኘው በዚህ ድካም ነው እንጂ በሜዳሊያው ክብደት አይደለም።

የአድዋ ልብስ አጣቢዎች ስም በየትኛውም የሽልማት መዝገብ አልተጻፈም። እንዶድ አረፋ እንደሚሰጥና ልብስ እንደሚያነጻ ለትውልድ ያቆዩት እነርሱ ናቸው። በየፋብሪካውና በየግድቡም የመሐንዲሱን ንድፍ ወደ ብረት የሚለውጠው በያጅና ሞዴል ሠሪ እንዲሁ ሳይጠራ ይቀራል። በማመልከቻው ቅጽ ላይ «ከማን ጋር ተሠራ? ዕውቀቱ ከማን ተገኘ?» የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢጨመሩ ወጪው የቀለም ብቻ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላም ዳኞቹ ተመልሰው የሸለሙት መሣሪያ እየሠራ መሆኑን ቢያዩ፣ ያዩትንም፣ ቆሞ ከሆነ ያቆመውን ምክንያት ጭምር፣ በዚሁ ዓመታዊ መጽሔት ቢያትሙት መልካም ነው።