አበባ በሐምሌ ይገዛል፣ በየካቲት ይፈተናል

(በግንቦት ወር የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ለግቢያችን የሚሆኑ የአበባ ተክሎችን እንዴት እንደምንመርጥ ነው። ክረምቱ ሊገባ ነው። በሰኔና በሐምሌ ችግኝ ሻጮች በየመንገዱ ዳር ይደረድራሉ። ያን ጊዜ ችግኙ ሁሉ ለምለም፣ አበባው ሁሉ ደማቅ ነው። ከመቀነታችን ፈተን የምናወጣው ብር ግን እንደ ክረምት ዝናብ አይወርድም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት አብረን ብናስብበት ይሻላል።

ብዙዎቻችን በሐምሌ የገዛነውን ችግኝ ለየካቲት አናደርሰውም። በሐምሌ ሰማዩ ያጠጣልናል፤ በየካቲት የምናጠጣው እኛ ነን። በሐምሌ ጥላና እርጥበት አለ፤ በየካቲት ፀሐይ፣ አቧራና በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ነው ያለው። ስለዚህ ችግኝ ስናይ "እንዴት ያምራል!" ከማለታችን በፊት "በየካቲት እኔ ቤት እንዴት ይሆናል?" ብለን እንጠይቅ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይኸው ነው።

ከመካከላችሁ "አበባ ምን ያደርጋል? በቦታው ጎመን ብንተክል አይሻልም ወይ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቦታ ያላት ሁለቱንም ትትከል። ዱባ ፍሬ የሚይዘው ንብ ከወንዱ አበባ ወደ ሴቷ አበባ ብናኝ ሲያመላልስ ነው፤ ንብን ወደ ጓሮ የሚጠራው ደግሞ አበባ ነው። ከዚህም በላይ፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለምትለፋ ሴት ዐይኗን የምታሳርፍበት ነገር ማግኘት ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ከመግዛታችን በፊት አራት ነገሮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ሃያ የአበባ መትከያ ያላት ሴት ለእያንዳንዱ በቀን አንድ ሊትር ብታጠጣ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትጨርሳለች። በወር 30 ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ወይም በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ይህ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ነው። ስለዚህ ጥም የሚችለውን እንምረጥ። እሬት ውሃን በወፍራም ቅጠሉ ስለሚያከማች ለሳምንታት ባይጠጣም አይሞትም። ጄራኒየምም አፈሩ ደረቅ ሲል ነው የሚስማማው፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥም ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው። ቡገንቪሊያ ደግሞ ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃና ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ ሲጠማ ግን ያብባል። ነጭ ቀንድ የሚመስለው ካላ ሊሊ ግን እርጥበት ይወዳል፤ እሱን የምትተክለው ዕቃ የምታጥብበት ቦታ አጠገብ ጥላ ያላት ሴት ትሁን። የአትክልትና የሩዝ እጣቢም ለአበባ ይሆናል። በረኪና የገባበትን ውሃ ግን አታፍስሱበት።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ጽጌረዳ በደንብ እንዲያብብ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ሲተከል ይቀጥናል፣ ቅጠሉን በሽታ ይይዘዋል። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ እኅቶች፣ በረንዳችሁ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ስንት ሰዓት ያህልስ እንደሚቆይ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ አስተውሉ። ይህን የምታውቅ ሴት ችግኝ ሻጩ ያላትን ሁሉ አትገዛም።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ውርጭ ቡገንቪሊያን በአንድ ሌሊት ሊያጠወልገው ይችላል። በአዳማና በድሬዳዋ ግን ያው ቡገንቪሊያ አጥሩን ሙሉ ያለብሰዋል። ዘመድ ከቆላ ያመጣልንን ችግኝ በደጋ ስንተክል ይህን አንርሳ። ለደጋ ጽጌረዳና ቀጋ ይስማማሉ፤ ጄራኒየም ደግሞ ከጣራ ክፈፍ ሥር ተጠግቶ ውርጩን ማለፍ ይችላል። በቆላ ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ማሳሰቢያ አለኝ። ከመትከያው ሥር በምታስቀምጡት ሰሃን ላይ ውሃ አይቋጠር። የወባም ሆነ የደንጊ ትንኝ የሚራባው በቆመ ውሃ ነው።

አራተኛውና ዋናው ልጆቻችንና ከብቶቻችን ናቸው። እዚህ ላይ በደንብ እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ። ኦሊያንደር የሚባለው፣ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው ቁጥቋጦ ድርቅ ስለሚችል በሞቃት ከተሞች ይተከላል። ነገር ግን ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ አበባውም የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለው። በግንዱ እሳት ማንደድም አደገኛ ነው። ጥሩምባ የሚመስል ትልቅ አበባ ቁልቁል የሚያንጠለጥለው ተክል ደግሞ የአጤ ፋሪስ ዘመድ ነው፤ እንደ እሱ ሁሉ ያሳብዳል፣ ሲበዛም ይገድላል። ለአጥር የምንተክለው ቅንጭብ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዐይን ውስጥ ቢገባ ብርሃንን እስከመጉዳት ይደርሳል። ሕፃን በሚድህበትና በግና ፍየል በሚውልበት ግቢ እነዚህ ባይኖሩ ይመረጣል። ያላችሁም ለልጆቻችሁ ስሙን እየነገራችሁ አስጠንቅቁ። ሕፃን ከእነዚህ አንዱን ቀምሶ ከተገኘ ግን ቤት ውስጥ መድኃኒት ከመሞከር ይልቅ የተክሉን ቅጠል ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ከአራቱ በተጨማሪ ለጎረቤትና ለአገርም ማሰብ አለብን። ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በአብዛኛው ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ለጌጥ እየተወሰደ ነው። ባለ ብዙ ቀለም አበባ የሚያወጣው የወፍ ቆሎም በጌጥነት ወጥቶ ዛሬ በምሥራቅ የአገራችን ክፍል የግጦሽ መሬትን የሚወርር፣ ለከብትም መርዝ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ወፎች ፍሬውን ስለሚበትኑት በእኛ አጥር ውስጥ አይታሰርም። እነዚህን አንትከል፤ ወንዝ አጠገብ የምንኖርማ ይልቁንም እንጠንቀቅ።

ታዲያ ምን እንትከል? የአገራችን ተክሎች የካቲትን የሚያልፉበትን ብልሃት ከተፈጥሯቸው ያውቁታል። አደይ አበባ በመስከረም አብቦ ዘሩን ይበትንና ይደርቃል። ዘሩን በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ሰብስበን በወረቀት ጠቅልለን ብናስቀምጠውና ክረምቱ ሲገባ ብንበትነው በበጋ አንዲት ጠብታ ውሃ አይጠይቀንም። እናቶቻችን ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበት የነበረው እንሶስላ ትልልቅና ነጭ፣ መዓዛው ደስ የሚል አበባ አለው። ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ በበጋ ግንዱ ይጠፋና ሥሩ መሬት ውስጥ ቆይቶ በዝናቡ እንደገና ያቆጠቁጣል። ብዙዎቻችን ሥሩን እንጂ አበባውን አይተን አናውቅም።

አጥር ላይ የሚወጣ ለምትፈልጉ ጠምበለል አለ። ከጃስሚን ወገን ነው፤ ነጭ አበባው ሽታው ቤት ይሞላል። እሾህ ያለው ጠንካራ አጥር ለምትፈልጉ ቀጋ አለ። ቀጋ በሐሩራማው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌረዳ ዝርያ ነው፤ ነጭ አበባው ካለፈ በኋላ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ብርቱካንማ አበባው በግንዱ ዙሪያ ክምር በክምር የሚደረደረው ራስ ክምር ደግሞ ንብና ወፍ ይጠራል። አደራ የምላችሁ ግን እነዚህን ከጫካና ከወንዝ ዳር እየነቀላችሁ አታምጡ። ዘርና ቅርንጫፍ ውሰዱ፣ እናቲቱን ተዉአት።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልመለስ። እኔ የምለው፣ እቁብ በብር ብቻ ለምን ይሆናል? የችግኝ እቁብ እንጀምር። የጽጌረዳ ግንድ በእርሳስ ውፍረት፣ ከአንድ ስንዝር ባላነሰ ርዝመት ይቆረጣል። ሦስት ወይም አራት ዐይን ይኑረው፤ ሁለቱ አፈር ውስጥ ይግቡ። በክረምት መግቢያ ከተተከሉት ሁሉም ባይጸድቁ የተወሰኑት ሥር ይሰዳሉ። ጄራኒየም ከዚህም ይቀላል። እሬት ከሥሩ ልጆች ያወጣል፤ ልጆቹን ገንጥሎ መትከል ነው። መትከያ መግዛትም አያስፈልግም፤ ያለቀበት የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ ሥሩ ሲበሳ ይበቃል። አፈሩ ላይ ብስባሽና ጥቂት አሸዋ ጨምሩበት። የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ በአንድ ጥግ ብታከማቹ ብስባሹ ከቤታችሁ ይወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። እያንዳንዷ አባል ካላት ተክል ሁለት ሁለት ችግኝ አፍልታ ወደ ወርኃዊ ስብሰባ ታምጣ። ዕጣ የደረሳት ይዛ ትሂድ። በየችግኙ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፤ ስሙ፣ የሚፈልገው ውሃ፣ ፀሐይ ወይም ጥላ መውደዱ፣ መርዝ ያለው መሆኑና አለመሆኑ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች አጠገባቸው የተቀመጠችው ታንብብላቸው። ይህ እቅድ ከደጋፊዎቻችን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከእኛ የሚጠይቀው መቀስና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ከዓመት በኋላ ችግኙ ከተረፈን ደግሞ እኛው በመንገድ ዳር የምንሸጥ እንሆናለን። ያን ጊዜ ገዢዋን "ግቢሽ ፀሐይ አለው? ልጅ አለሽ? ውሃሽ ስንት ቀን ይቆያል?" ብለን ጠይቀን የምንሸጥ እንሁን።

እንግዲህ ድምፅ እንድትሰጡበት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሰኔ ስብሰባችን ጀምሮ የችግኝ እቁቡ ይጀመር፤ በየካቲት ስብሰባ ደግሞ ስንቱ እንደቆመ፣ ስንቱም እንደደረቀ እንቁጠር። የደረቀውን የምንቆጥረው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ለሚቀጥለው ክረምት እንድንማርበት ነው።

 መልካም የክረምት ወራት ይሁንልን።